አይጦቹ በእጅሽ ለምን ዝም አሉ

ውድ አጅሪት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና እንደሆንሽማ ሰው ሁሉ እየነገረኝ ነው። አለቃችን ሻይ በቀረበ ቁጥር ያንቺን ወሬ ያነሳሉ። አዲሱ ቤተ ሙከራሽ ሰፊ መሆኑን፣ ለብቻሽ ማይክሮስኮፕ እንደተሰጠሽ፣ በሚቀጥለው ወር በዚያ ትልቅ ጉባኤ ላይ ቆመሽ ስለ ሥራችን እንደምትናገሪ፣ አንድም ሳይቀር ሰምቻለሁ። «ሥራችን» ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው «ሥራዋ» ነው የሚሉት።

ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን ገና ሃሎ ስልሽ ትስቂያለሽ፣ አንቺ ስትስቂ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ልናገር ያሰብኩትን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አንዱን ነገር አስቀድሜ ልበልና ይውጣልኝ። እቀናብሻለሁ። «ኧረ ባክሽ፣ ሁላችንም እንቀናለን» እንደምትይው ዓይነት አይደለም። ቁርስ የሚያስተፋ ቅናት ነው። ሰው ሲያመሰግንሽ የሻይ ብርጭቆዬን እንደ ጠላት አንገት የማንቅበት ቅናት ነው። አንቺ አላወቅሽም። ወይም አውቀሽ እንዳላወቀ ሰው ሆነሽ አለፍሽኝ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

የጀመረኝ በአይጦቹ ነው። በአንድ ቀን ተቀጥረን፣ በአንድ ቀን ጋዋን ተሰጥቶን ወደዚያ ምድር ቤት የወረድንበትን ጠዋት ታስታውሺያለሽ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ነርቫቸው ተጎድቶ ቁስላቸው የዳነ አይጦች ነበሩ። የእግራቸውን መዳፍ ከሚቆሙበት የሽቦ ወንፊት ሥር በቀጭን ክር ነካ ማድረግ፣ አይጧ እግሯን ካነሳች አሟታል ብሎ መመዝገብ፣ ካላነሳች ወፈር ባለው ክር መሞከር። በቃ። እኔ ክሩን ገና ሳቀርበው እግራቸውን ይሰበስባሉ። አንዷማ ጓንቴን በስታ ነክሳኛለች። አንቺ ደግሞ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ከተሽ ታሞቂያለሽ፣ የሳጥኑን ክዳን ከወዲያኛው በኩል ቀስ ብለሽ ትከፍቺያለሽ፣ እጅጌሽን እንዲያሸቱ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ያንን ጫፉ የማይታወቅ ዜማሽን እያንጎራጎርሽ ታነሻቸዋለሽ። እጅሽ ውስጥ ሲገቡ እንደ ጠገበ ሕፃን ዘፍ ይላሉ። ነገሩ ድግምት መስሎኝ ነው አጅሪት ያልኩሽ። አንቺም ሳትውዪ ሳታድሪ ኮስታራዬ ብለሽ መለስሽልኝ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀብኝ።

አለቃችን አንድ ቀን ከላይ ወረዱና ትንሽ ቆመው አዩን። «እስቲ ልብ ብለሽ እያት» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወዳንቺ እያመለከቱ። ልብ ብዬ አየሁሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ክዳኑን በየትኛው እጅሽ እንደምትይዢው፣ ዜማው የት ላይ እንደሚወርድ፣ አይጧ ስትደነግጥ ትንፋሽሽን እንዴት እንደምታቆዪው ሁሉ አጠናሁ። ሲመረኝም «ከዛሬ ጀምሮ አንድ መደርደሪያ ላይ አብረን አንሠራም» አልኩሽ። በመስኮቱ በኩል ያለው ያንቺ፣ በበሩ በኩል ያለው የኔ። ለምን ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። «እሺ ኮስታራዬ፣ እኔ እንደሁ ፀሐይ እወዳለሁ» ብለሽ ሳጥኖችሽን እያንጎራጎርሽ ወሰድሽ። ቢያንስ ብትጣዪኝ ምን አለበት?

ከዚያ ደግሞ ቤቴ ገባሽ።

እማዬ፣ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው የነርቭ ሽፍታ ይዟት፣ ከአልጋ የተነሳች ሰሞን ነበር። ሽፍታው ጠፍቶ፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ቆዳዋ ከነበረበት ተመልሶ ሕመሙ ግን አልሄድም አለ። ሸሚዟን ጎኗን እንዳይነካት በሁለት ጣቷ ራቅ አድርጋ ይዛ ቤት ውስጥ ስትዞር አይተሻታል። «ቁስሉ ድኖ የለም እንዴ? ታዲያ አሁን ምኑ ነው የሚያመኝ?» ትለኝ ነበር። እኔም ሙያዬ ነውና ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ስለ ዘረመል፣ ከዘረመሉ ስለሚቀዳው አርኤንኤ፣ ፕሮቲን ስለሚሠራውና ስለማይሠራው አርኤንኤ ነገርኳት። እማዬ የግድግዳውን ሰዓት ታይ ነበር።

አንቺ ከኔ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሽ ዕለት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችሽ። ሻይሽን ሳታስቀምጪ መለስሽላት።

«እማማ፣ እርስዎ ቤት ድግስ ሲደገስ አንዲት ነገረኛ አክስት አትጠፋም አይደል? ሽንኩርት አትልጥም፣ ድስት አታነሳም፣ አንድ ነገር አትሠራም። ግን መሃል ማጀት ቆማ፣ ‹አንቺ አቅርቢ፣ አንቺ ቆይ፣ አንቺ ደግሞ ዝም በይ› ትላለች።»

«ኧረ አለች!» አለች እማዬ። «የባሌ እህት!»

«በቃ፣ እሷን ይያዙልኝ። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ አርኤንኤዎች አሉ። እነዚህ ወጥ ቤቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ምንም አይሠሩም። ድሮ ሥራ ፈት ናቸው ብለን ንቀናቸው ነበር፤ ለካ ማን ይሥራ፣ ማን ዝም ይበል የሚሉት እነሱ ኖረዋል። የእርስዎ ቁስል ሲድን ድግሱ አብቅቷል። አክስትየዋ ግን አልሄደችም። ነርቭዎን የሚያረጋጋውን ሠራተኛ አሁንም ‹ዝም በል› እንዳለችው ነው። ነርቩም የሚያረጋጋው አጥቶ ይጮሃል።»

«ውይ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኛማ ቀን ከሌት አፏን የምንዘጋበትን እየፈለግን ነው።»

እማዬ ከሳቋ የተነሳ ጎኗን በእጇ ያዘች። ያንን ጎኗን! ወራት ሙሉ ጨርቅ ያላስነካችውን! ከዚያ እጇን አየችና «ልጄ፣ ነገም ነይ» አለችሽ። ልጄ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ «አንቺ» ነው የምባለው፤ ሲከፋ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ»።

ነገም መጣሽ። ከነገ ወዲያም መጣሽ። ከሥራ ስንወጣ አንቺ ትቀድሚኝ ነበር። ወሬሽን እያወራሽ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እጅሽን ጎኗ ላይ ጣል ታደርጊያለሽ፣ እሷም ምንም አትልም። እኔ መድኃኒት ልቀባት ስጠጋ ግን ገና ከበሩ ትሸማቀቃለች። ዕቃ አጥባለሁ ብዬ ወደ ውስጥ ገብቼ ውሃውን ከፍቼ የቆምኩባቸውን ቀናት አታውቂያቸውም። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

ለአይጦቹ የሚሞከረው መድኃኒት ቤተ ሙከራው የደረሰው ያኔ ነው። አክስትየዋን አፏን ያስይዛታል የተባለው። አለቃችን ለግማሾቹ አይጦች መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ እየወጉ፣ እንዳናዳላ ብለው የትኛው የቱ እንደሆነ ደበቁን። እኛ በክራችን እየነካን መዘገብን። በመጨረሻ ሲከፈት መድኃኒት የተወጉት አይጦች እግራቸውን ማንሳት ትተው ነበር፣ የጨው ውሃዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንቺ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ አለቀስሽ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እንኳን ደስ አለሽ አልኩሽ። ጽሑፉ ሲወጣ ስምሽ ከፊት፣ ስሜ ከኋላ ሆነ። ብዙ ሳትቆዪ ያ ትልቅ ተቋም ጠራሽ፣ ሄድሽ። እማዬ መንገድ ላይ የምትጠጪው ሻይ በፔርሙስ ሞላችልሽ። ፔርሙሱ የኔ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አለቃችን «በብዙ አይጦች ድገሚው፣ ለጉባኤው ያግዛታል» አሉኝ። ደገምኩት። በዚህኛው ዙር ሁሉም አይጦች በኔ እጅ ነበሩ። መድኃኒት የተወጉትም የጨው ውሃ የተወጉትም በሁለቱም መደርደሪያ ተደባልቀዋል። ሲከፈት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መድኃኒቱ ትንሽ ያግዛል፣ በቃ። ያንቺ ያ ሁሉ ድል የለም።

ጮቤ ረገጥኩ። እውነቴን ነው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አይጦቹ ደንግጠው ጥጋቸውን ያዙ። በሐሳቤ ጉባኤው ላይ ቆመሽ አየሁሽ። ከዚያ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «እኛ ሞክረነው አልሠራም» ሲልሽ፣ ፊትሽ ሲቀላ፣ ያ ዜማሽ ጉሮሮሽ ላይ ሲቀር። እኔ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር። እስከሚቀጥለው ወር አፌን መያዝ ብቻ።

ግን አንቺ ትዋሻለሽ ከምል ብሞት ይሻለኛል፤ ዋሽተሽ አታውቂም። ታዲያ ምን ነበር ያየነው? እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ አለቃችንን ያኔ እንዴት አድርገው ከፋፍለው እንደወጉ ጠየቅኋቸው። «መርፌው እንዳይምታታብኝ የመስኮቱን መደርደሪያ በሙሉ መድኃኒቱን፣ የበሩን በሙሉ የጨው ውሃውን ወጋሁ» አሉኝ። «ሁለታችሁም ሁለቱንም መደርደሪያ እየተፈራረቃችሁ ትሠሩ የለ?» አሉ፣ ሰው እንዴት ይህን ይጠይቃል በሚል ዓይን እያዩኝ።

አየሽ አይደል? መፈራረቁን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ በሙሉ ያንቺ እጅ ውስጥ ወደቀ፣ የጨው ውሃው በሙሉ የኔ እጅ ውስጥ። ያነጻጸርነው መድኃኒትና ጨው ውሃ መስሎን ነበር እንጂ፣ አብሮ የተነጻጸረው አንቺና እኔ ነን። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተበልጫለሁ።

ለማረጋገጥ እጅሽ ያስፈልገኝ ነበር፣ እጅሽ ግን ያለው ሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ የረሳሽውን ጋዋን ከመስቀያው አወረድኩ። ትከሻዬ ላይ ይጠብበኛል፣ ያ የሳሙናሽ ሽታ አሁንም አለው። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁ። ክዳኑን ከወዲያኛው በኩል ከፈትኩ። እጅጌዬን እንዲያሸቱ አደረግሁ። ዜማሽንም አንጎራጎርኩት፣ ዓይንሽ ይፍሰስ፣ ጫፉ ላይ ስደርስ እንዳንቺው ጠፋኝ! በየቀኑ እንዲህ አደረግሁ። አንዱንም እንቅስቃሴሽን መጠየቅ አላስፈለገኝም። እናቴን እንኳ በቅናት አንቺን ያጠናሁሽን ያህል አላጠናኋትም።

የያዝኳቸው አይጦች በሙሉ የጨው ውሃ የተወጉ ነበሩ። አንዳች መድኃኒት አልቀመሱም። ቀን እየገፋ ሲሄድ እግራቸውን ማንሳት ተዉ። ያቺ ነካሽ እንኳ የጋዋንሽ እጅጌ ውስጥ ገብታ ተኛች።

ክሩ ያታልላል፣ ምናልባት ፈርተው ነው ዝም ያሉት አልኩና ነርቫቸው ውስጥ ያንን አርኤንኤ ለካሁት። አጅሪት፣ ወርዷል። አክስትየዋ ድምፅዋን ቀንሳለች። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ደጋግሜ ለካሁ። የሚያረጋጋው ሠራተኛም ወደ ሥራው ተመልሷል። እጅ ነው ያደረገው። እንዴት እንደሚደርስ አላውቅም፣ አይጦቹ ጥቂት ናቸው፣ የሠራችውም አንዲት ሰው ናት፤ ያውም ጤነኛ ያልሆነች ቀናተኛ። አፍሽን ሞልተሽ ተረጋግጧል እንዳትዪ። ግን እውነት ከሆነ ካሰብሽው ሁሉ ይበልጣል፣ ያንቺ ስህተት ከኔ ትክክል ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እርር ድብን እላለሁ።

ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ መስኮቱ ሥር ሸሚዟን በሁለት ጣቷ ይዛ ተቀምጣለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ተመልሶባታል፣ አልነገርኩሽም እንጂ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁና ማንጎራጎር ጀመርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«የዚያችን ልጅ ዘፈን ሰርቀሽ ምንም ትያለሽ?»

እጄን ዘረጋሁ። ሳይነካት ትከሻዋን ሰበሰበች። «ከሷ በምን አንሼ ነው እማዬ?» አልኳት። አስቤው አይደለም፣ አመለጠኝ።

እማዬ ሸሚዟን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። «አንቺ ስትነኪኝ ሁልጊዜ ‹አሁንስ አመመሽ? እዚህስ?› ትያለሽ። ፊቴን ታዪያለሽ። ገና ሳትነኪኝ አመመኝ ማለት ያለብኝ ይመስለኛል።»

«እሷስ?»

«እሷማ ወሬዋን ነው የምታወራው። እጇን የት እንዳኖረችው ራሷም አታውቅ።» ከዚያ «እስቲ አንቺም አውሪኝ» አለች። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

ነገርኳት። ስለ ክሩ፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ ጋዋንሽ፣ ፔርሙሱ የኔ መሆኑን ሳይቀር። እንባዬ እስኪያልቅ አለቀስኩ። «ለፔርሙስ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ምድር ቤት ብቻዬን ስለሳቅሁት ሳቅ ስነግራት ግን አልሳቀችም።

«ጻፊላት» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ይህን ሁሉ የምታውቂላት አንቺ ብቻ ነሽ። ሰው ፊት ከምትዋረድ ካንቺ ትስማው። ጻፊላት፣ ልጄ።»

ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ ያየሁት። እጄ ጎኗ ላይ ነበር። መቼ እንዳኖርኩት አላውቅም። ሸሚዟን ለቃዋለች፣ ጨርቁ እጄ ላይ ወርዷል። ሕመሙን እንዳልቀሰቅስባት ፈርቼ አልተነቃነቅሁም፣ አመመሽ ወይ ብዬም አልጠየቅኋትም። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ የጎረቤት ወሬ አወራኋት። እኔ ወሬ አልችልም፣ ታውቂያለሽ። ግማሹን ፈጠርኩት።

እንግዲህ ውጤቱን ሁሉ፣ የመደርደሪያውን ነገር ጨምሬ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አለቃችን ገና አልሰሙም፣ ከሳቸው በፊት አንቺ እንድታውቂው ፈለግሁ። ጉባኤው ላይ ያንን የድሮውን ይዘሽ አትቁሚ። ከቆምሽ ደግሞ እኛው ራሳችን እንደተሳሳትን ተናገሪና እጃቸውን የሚያወጡትን ቅደሚያቸው። ይህን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ላቆየው ብል ማን ይጠይቀኝ ነበር? ማንም። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ አንዴ ተመልሻለሁ፤ ይህችን አንቀጽ ጨምሬ ደግሜ እየሄድኩ ነው።

ሥራው ገና እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ በደንብ ተደባልቆ፣ በሁለታችንም እጅ፣ እየተፈራረቅን። ስለዚህ መምጣት አለብሽ። ስምሽ ከፊት ይሁን አልልሽም፣ እንደዚያ ያለ ደግነት ከኔ አትጠብቂ። ነይና ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጣላበት። ጋዋንሽ መስቀያው ላይ ነው፣ ሽታው እንዳይጠፋ አላጠብኩትም፤ ለሙከራው ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ለአይጦቹ እጅሽን ይዘሽ ነይ። ለእማዬ የኔ እየበቃት ነው።

እስካሁን የምቀናብሽ፣
ኮስታራሽ